በወደቀው ሰው ዙሪያ

የሰው ልጅ ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ምንነቱን ያላወቀውን ነገር ነው። የመጣበት ጅብ መሆኑን የለየ መንገደኛ ዱላውን ያነሣል፤ ኮሽታውን ሰምቶ ምን እንደ ሆነ ያልለየ ግን በቆመበት ደርቆ ይቀራል። በሽታም እንዲሁ ነው። ስሙ የታወቀ፣ መነሻው የተመረመረ፣ መድኃኒቱ የተገኘ በሽታ ምንም ቢከፋ ሰው ይታገለዋል፤ ምንነቱ ያልታወቀ በሽታ ግን ከታመመው ሰው አልፎ በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ያሸንፋል። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም፤ በወላጆቼ ቤት ከምድጃ አጠገብ ተምሬዋለሁ።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር በአንድ ማለዳ፣ በምሠራበት መሥሪያ ቤት መተላለፊያ ላይ አንድ ወጣት ባለጉዳይ ወደቀ። ማመልከቻውን በእጁ ይዞ ተራውን ሲጠብቅ ሳለ ድንገት ጮኸና እንደ ተቆረጠ ግንድ በወለሉ ላይ ተዘረጋ። መላ አካሉ ተገተረ፤ ቀጥሎም እጅና እግሩ ይንፈራገጥ ጀመር፤ በአፉም አረፋ ደፈቀ። በዚያን ጊዜ በመተላለፊያው ከዐሥር የማናንስ ሰዎች ነበርን። አንዱ «አትንኩት! ይተላለፋል!» ሲል ጮኸ። ሌላው ክብሪት ጭሮ ጢሱን ሊያሸተው ጎንበስ አለ። ሦስተኛው ምላሱን እንዳይነክስ ብሎ ማንኪያ ፍለጋ ሮጠ። የቀሩት ግን ክብ ሠርተው ቆመው ይመለከቱ ነበር። እነዚህ ሁሉ ፊደል የቆጠሩ፣ ከመካከላቸውም ከፍተኛ ትምህርት የጨረሱ ሰዎች እንደ ነበሩ መግለጽ ይገባኛል።

እኔ ኮቴን አውልቄ አጣጥፌ ከራሱ ሥር አደረግሁ፤ የሸሚዙን አንገት ፈታሁ፤ አጠገቡ የነበረውን ወንበር አራቅሁ፤ ሰዓቴንም ተመለከትሁ። መንፈራገጡ ሲበርድ ወደ ጎኑ አዞርሁት። ነገሩ ሁሉ ሁለት ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው። ዓይኑን በገለጠ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጬ አገኘኝ፤ በመጀመሪያም የጠየቀኝ ምን እንደ ሆነ ወይም የት እንዳለ አልነበረም። «ብዙ ሰው አየኝ?» አለኝ። ጥቂት ካረፈ በኋላም ጉዳዩን ሳይፈጽም አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ባልደረቦቼ ይህን ድፍረት ከየት እንዳገኘሁት ደጋግመው ጠየቁኝ። መልሱን በመተላለፊያ ላይ ቆሜ ለመናገር ስላፈርሁ ዝም አልኋቸው። እነሆ አሁን እጽፈዋለሁ።

የተወለድሁት በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ከተማ የአንድ ቀን የእግር መንገድ በምትርቅ የደጋ መንደር ነው። እኅቴ በሦስት ዓመት ታንሰኛለች። እናቴ እርሷን ስትወልድ ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት እንዳማጠች፣ ሕፃኗም ከተወለደች በኋላ ሳታለቅስ ብዙ እንደ ቆየች የመንደሩ ሴቶች ሲጨዋወቱ እሰማ ነበር፤ የነገሩን ትርጉም ግን በዚያን ጊዜ ያወቀው ማንም አልነበረም።

በ1992 ዓ.ም. እርሷ የ8 እኔ የ11 ዓመት ልጆች ሳለን ከወንዝ ውሃ ቀድተን ስንመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደቀች። ገንቦዋ ተሰባበረ፤ እኔም እያለቀስሁ ወደ ቤት ሮጥሁ። ጎረቤቶች ተሰብስበው ነገሩን ከመረመሩ በኋላ፣ በቀትር ጊዜ ውሃ ዳር በመሄዷ ለክፏት ነው ብለው ፈረዱ። ከዚያን ቀን ወዲህ የእርሷ ዋንጫ ከእኛ ዋንጫ፣ የእርሷ መኝታ ከእኛ መኝታ ተለየ። በሚቀጥለው ዓመት በክፍል ውስጥ ስለ ወደቀች የሌሎች ልጆች ወላጆች ፈሩ፤ አባቴም ሳይባል ከትምህርት ቤት አስቀራት። ጎበዝ ተማሪ ነበረች። እኔ በማታ ትምህርቴን ጮክ ብዬ ሳነብ እርሷ ከጥግ ሆና በቃሏ ትይዘው ነበር።

አሁን የምጽፈውን ለብዙ ዓመታት ለማንም አልተናገርሁም። በ1996 ዓ.ም. በነሐሴ ወር አባትና እናቴ ለቅሶ ሄደው ሁለታችን ብቻ በቤት ቀርተን ነበር። እርሷ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ ቆሎ ትቆላለች፤ እኔም በኩራዝ ብርሃን አነባለሁ። በድንገት ያ የማውቀው ጩኸት ተሰማ። ቀና ስል ቀኝ እጇ ከፍሙ ውስጥ ወድቋል። ከቆምሁበት እስከ ምድጃው ሦስት እርምጃ ያህል ነበር። ነገር ግን በዚያ ሰዓት የነካት ሰው፣ አረፋዋም ያገኘው ሰው በሽታው ይጋባበታል ሲባል ከሰማሁ አራት ዓመት አልፎኛል። ስለዚህ ቆምሁ። ምን ያህል እንደ ቆምሁ አላውቅም፤ አቡነ ዘበሰማያት አንድ ጊዜ ለመድገም የሚበቃ ጊዜ ይሆናል። በኋላ የቀሚሷን ጫፍ ይዤ ጎተትኋት።

ወላጆቼ ሲመለሱ የት ነበርህ ቢሉኝ ደጅ ነበርሁ አልኋቸው። እርሷ ምንም አላስታወሰችም፤ ይህ በሽታ ሲጥል ማስታወስንም አብሮ ይወስዳልና። እንግዲህ በዚያች ሌሊት የሆነውን የሚያውቅ ከእግዚአብሔር በቀር እኔ ብቻ ቀረሁ። ቁስሉ በቅቤና በቅጠል ሲታከም ከርሞ ዳነ፤ ጣቶቿ ግን ተኮማትረው ከመዳፏ ጋር ተጣበቁ።

አባቴ ልጁን ለማዳን ያልሞከረው ነገር አልነበረም። ጸበል ወሰዳት፤ ለደብተራ ከፍሎ ክታብ አስጻፈላት፤ ጥቁር በግ አርዱ ሲሉት አረደ፤ በመጨረሻም አንዲት ጊደር ሸጠ። አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ምክንያት አባቴን በስንፍና እንዳትከስሰው እለምንሃለሁ። የሚያውቀውን መንገድ ሁሉ ሄዶበታል። ያላሳዩትን መንገድ ሊሄድበት አይችልም ነበር።

እኔ በ1999 ዓ.ም. ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ጥቂት ቆይቼ በአዲስ አበባ ከተማ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠርሁ። በ2004 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከደመወዜ ያጠራቀምሁትን ይዤ እኅቴን ወደ ከተማ አመጣኋትና ወደ ሐኪም ወሰድኋት። ዕድሜዋ ያን ጊዜ 20 ዓመት ነበር፤ ከመጀመሪያው ውድቀቷ 12 ዓመት አልፎ ነበር ማለት ነው።

ሐኪሙ ሽማግሌ ሰው ነበሩ። ልብ ሳይዳምጡ፣ ደም ሳያስመረምሩ አስቀድመው ወደ እኔ ዞረው፣ «እርሷ ስትወድቅ ራሷን አታይም፤ የምታያት አንተ ነህ። ስለዚህ ዋናው ምስክር አንተ ነህ፤ ያየኸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንገረኝ» አሉኝ። እኔም ነገርኋቸው፦ ከየትኛው እጅ እንደሚጀምር፣ ፊቷ ወዴት እንደሚዞር፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ከነቃች በኋላ ምን ያህል እንደምትተኛ። ስለ አወላለዷም ጠየቁ፤ ሴቶቹ ያወሩትን ባልኋቸው ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁና ጻፉ። ከዚያም ቀኝ እጇን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርበው እያዩ፣ «ይህ ሲደርስባት ማን አጠገቧ ነበር?» አሉ። መልስ አልሰጠሁም። እርሳቸውም አልደገሙትም።

በዚያን ቀን ያስረዱን ነገር በአጭሩ እንዲህ ነበር። በራስ ቅላችን ውስጥ ያለው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። እነዚህም እጅግ ጥቃቅን በሆነ የኤሌክትሪክ ምልክት እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ ትእዛዛቸውም በአከርካሪ አጥንት ውስጥ በሚወርደው ኅብለ ሰረሰር በኩል ወደ እጅና ወደ እግር ይደርሳል። ጤነኛ አንጎል መልካም ሰብሳቢ እንዳለው ጉባኤ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። በሚጥል በሽታ ጊዜ ግን የጉባኤው አባላት በሙሉ በአንድ ጊዜ ተነሥተው ይጮኻሉ። ይህ ሥርዓት ያጣ ጩኸት በኅብለ ሰረሰር በኩል ሲወርድ እጅና እግር ይንፈራገጣል፤ የእጁና የእግሩ ጡንቻ ግን ምንም ሕመም የለበትም፤ የተሳሳተውን ትእዛዝ ተቀብሎ ይፈጽማል እንጂ። አረፋውም በዚያ ሰዓት ሊዋጥ ያልቻለ ምራቅ ነው፤ ደም ቢቀላቀልበትም ምላስ ወይም ጉንጭ ተነክሶ ነው። በመንካት፣ በምራቅ፣ በትንፋሽ ወይም አብሮ በመብላት የሚጥል በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ይህን በሰማሁ ጊዜ ጆሮዬ ጭው አለ። ሦስት እርምጃ ያህል ከለከለኝ ያልሁት ነገር ከቶ አልነበረም።

የበሽታው መነሻ ከሰው ሰው ይለያያል። በወሊድ ጊዜ ሕፃኑ አየር ሲያጥረው፣ ራስ በአደጋ ሲመታ፣ ማጅራት ገትር ወይም አንጎልን የሚያጠቃ ወባ ጠባሳ ትቶ ሲያልፍ፣ በአንጎል ውስጥ ዕጢ ሲበቅል ወይም ደም ሲፈስ ሊመጣ ይችላል፤ ከዘር የሚወረስበትም ጊዜ አለ። ከታማሚዎቹ በግማሽ ያህሉ ግን መነሻው ተመርምሮም አይታወቅም። አንድ ጊዜ ብቻ የወደቀ ሰው ሁሉ የሚጥል በሽታ አለበት አይባልም፤ በሕይወት ዘመናቸው አንድ ጊዜ የሚወድቁ ሰዎች ብዙዎች ናቸውና። ስሙ የሚሰጠው ያለ ሌላ ግልጽ ምክንያት ሲደጋገም ነው። ደግሞም ሁሉ አይንፈራገጥም። አንዳንዱ ሕፃን በትምህርት መካከል ለጥቂት ሴኮንድ ዓይኑን አፍጥጦ ይቀራል፤ ቢጠሩት አይሰማም፤ ከዚያም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይቀጥላል። መምህራን እንዲህ ያለውን ልጅ ልቡ የባከነ ነው ብለው ከመቅጣታቸው በፊት ነገሩ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ቢያስተውሉ ትልቅ በጎ ሥራ ይሠራሉ።

ሐኪሙ ፌኖባርቢታል የሚባለውን ትንሽ ነጭ ኪኒን በየማታው እንድትውጥ አዘዙ፤ ሲሰናበቱንም ሦስት ነገር አስጠነቀቁን። በመጀመሪያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፤ አትደንግጡ። ሁለተኛ መድኃኒቱ በሽታውን ይገታዋል እንጂ እንደ ተስቦ መድኃኒት በሳምንት ነቅሎ አይጥለውም። ሦስተኛ፣ ደኅና ሆንሁ ብላ በራሷ ፈቃድ በድንገት እንዳታቆም፤ ማቆሚያው ጊዜ ሲደርስ በሐኪም እጅ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። የመጀመሪያውን ወር ቀኑን ሙሉ ስታንቀላፋ ከረመች። በሁለተኛው ወር አንድ ጊዜ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ወራት ተቈጠሩ፤ ቀድሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትወድቅ የነበረችው ልጅ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ሳትወድቅ ቆየች።

በ2005 ዓ.ም. በጳጉሜን እናቴ ልትጠይቀን መጥታ፣ ዘመን መለወጫን በአገር ቤት ታሳልፍ ብላ ወሰደቻት። በዚያም በጸበል ቦታ ሱባዔ ስታስይዛት መድኃኒቱን ከለከለቻት። ጸበልና ኪኒን አብሮ አይሄድም፣ በእምነት መጉደል ይሆናል ያሏት ሰዎች ነበሩ። መስከረም 5 ቀን 2006 ዓ.ም. ጣላት፤ ሳትነቃ ደግሞ ጣላት፤ እንደገናም ጣላት። የመንደሩ ጎልማሶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አወጧት፤ ከዚያም ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ገባች። ደርሼ ባየኋት ጊዜ በክንዷ መርፌ ተሰክቶ ነበር፤ ዓይኗን የገለጠችው በሁለተኛው ቀን ነው። ሐኪሞቹ እንዳስረዱን፣ እንዲህ ያለ ያልተቋረጠ መንዘፍዘፍ አንጎልን የሚጎዳ፣ ነፍስንም የሚያጠፋ ነው፤ መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥም ከታወቁት መንሥኤዎቹ አንዱ ነው።

እናቴ በሆስፒታሉ ደጅ ተቀምጣ «ገደልኋት፣ ገደልኋት» እያለች ታለቅስ ነበር። እኔም በልቤ ከመቆጣቴ የተነሣ ላጽናናት አልቻልሁም። ያጽናኗት የነፍስ አባታችን ናቸው። ሊጠይቁ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡና፣ መጽሐፈ ሲራክ ስለ ባለ መድኃኒት ክብር እንደሚናገር፣ ወንጌላዊው ሉቃስም ራሱ ባለ መድኃኒት እንደ ነበረ አስታወሷት። እናቴ ግን ቀና ብላ፣ «አባቴ፣ በወንጌል እሳትና ውሃ ውስጥ ይወድቅ የነበረውን ልጅ ጌታ ያዳነው በኪኒን ነውን?» አለቻቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «አይደለም ልጄ። ነገር ግን የልጁ አባት ልጁን ይዞ ሊረዳው ወደሚችለው ሄደ፤ ቤት ዘግቶ አላስቀመጠውም። አንቺም ጠዋት ጸበሏን አስጠምቂያት፣ ማታ ኪኒኗን አውጫት፤ የከለከለሽ ቢኖር ወደ እኔ ላኪው» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ እናቴ ማታ ማታ ስልክ ደውላ የምትጠይቀኝ የመጀመሪያ ነገር «ዋጠች?» የሚል ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ በኋላ፣ ማንበብ በምወድደው መጠን ስለዚህ በሽታ የተጻፈውን መፈለግ ጀመርሁ። ከ2,400 ዓመት በፊት ገደማ በግሪክ አገር፣ ከሐኪሙ ሂፖክራቲስ ስም ጋር በተያያዙት ጽሑፎች ውስጥ ይህ በሽታ ከሌሎች በሽታዎች ተለይቶ የአማልክት ሥራ እንዳልሆነ፣ መነሻውም አንጎል እንደ ሆነ ተጽፎ ነበር። ለማረጋገጥ ግን ብዙ ዘመን ወሰደ። ጀርመናዊው ሐንስ በርገር የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ በወረቀት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1924 ሲሆን፣ ለዓለም የገለጸው በ1929 ነው። ዛሬ ኢ.ኢ.ጂ. የሚባለው ምርመራ ከዚህ የመጣ ነው። እኅቴ የምትውጠው ፌኖባርቢታል የሚጥል በሽታን እንደሚገታ የታወቀው በ1912 በጀርመን አገር ነበር፤ በ1938 ደግሞ በአሜሪካ ፌኒቶይን ተጨመረ፤ ከዚያም ካርባማዜፒንና ቫልፕሮኤት ተከተሉ። ይህ መጨረሻ የተባለው ለብዙዎች የሚጠቅም ቢሆንም፣ በፅንስ ላይ ብርቱ ጉዳት ስለሚያስከትል ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች እንዲታዘዝ አይመከርም። የሕፃን አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ቅርጽ የሚይዘው እናቲቱ ማርገዟን ሳታውቅ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ነውና። ስለዚህ መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች ለመውለድ ከማሰባቸው በፊት ከሐኪም ጋር ቢመካከሩ ይገባል።

መድኃኒት የማይገታው ሕመምም አለ። ከዐሥር ሰዎች ሰባቱ ያህል በሚገባ ቢታከሙ ሳይወድቁ ሊኖሩ እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ ለቀሩት ሌላ መንገድ ይፈለጋል። ጩኸቱ የሚነሣበት የአንጎል ክፍል በትክክል ከታወቀና ቢወገድ ሌላ ጉዳት የማያደርስ ከሆነ፣ በቀዶ ሕክምና የሚድኑ አሉ፤ ሐኪሙ ዋይልደር ፔንፊልድ በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ በ1934 ባቋቋሙት ተቋም ይህ ጥበብ በእጅጉ አድጓል። በእኛም አገር የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 ተጀምሯል።

በዓለም ላይ ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች 50 ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ ከነዚህም ከመቶው ሰማንያ ያህሉ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ በየመንደሩ እየዞሩ ያደረጉት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1990 የታተመው ጥናት ከአንድ ሺህ ሰው መካከል 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይቷል፤ ዘመናዊ መድኃኒት የሚወስዱት ግን እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ የእኅቴን እጅ የመሰሉ ስንት እጆች እንዳሉ ሳስብ አዝናለሁ። የአንዱ ሰው የዓመት መድኃኒት እስከ 5 የአሜሪካ ዶላር ድረስ በሚወርድ ዋጋ ሊገኝ እንደሚችል ያው የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ ከአባቴ ጊደር ዋጋ ጋር ሳስተያየው ብዙ ዓመት ይበቃት ነበር።

ሩሲያዊው ታላቅ ደራሲ ዶስቶየቭስኪ ይህ ሕመም ነበረበት፤ «ኢዲዮት» በተባለው ልብ ወለዱም ዋናውን ሰው ይኸው በሽታ ያለበት አድርጎ ጽፎታል። ይህን የማነሣው የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሁሉ ደራሲ ይሆናል ለማለት አይደለም፤ በውድቀትና በውድቀት መካከል ያለው ሰው ሙሉ ሰው መሆኑን ለማስታወስ ነው።

እንግዲህ በፊታችን ሰው ቢወድቅ ምን እናድርግ? ሥራው ቀላል ነው፤ ማንኛውም ተማሪ ሊፈጽመው ይችላል። ከእሳት፣ ከውሃና ከስለት እናርቀው። ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር እናድርግ፤ አንገቱን የሚያጠብቀውን እንፍታ። እጅና እግሩን በጉልበት አንያዝ። በአፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት ወይም ውሃ አናስገባ፤ ጥርስ ይሰበራል፣ ትንፋሽም ይታፈናል፤ ምላሱንም አይውጠውም። ክብሪት ማሽተት ምንም አይረዳም፤ ያውም ያቃጥላል። መንፈራገጡ ሲያቆም፣ ከተቻለም ቀደም ብሎ፣ ወደ ጎኑ እናዙረው። ከ5 ደቂቃ ቢያልፍ፣ ወይም ሳይነቃ ቢደገምበት፣ ወይም ሴቲቱ ነፍሰ ጡር ብትሆን ፈጥነን ወደ ሐኪም እንውሰድ። ከሁሉም በላይ ተመልካቹን በትነን እስኪነቃ ድረስ አብረነው እንቀመጥ።

ያ ወጣት በመተላለፊያችን በወደቀበት ቀን ማታ ወደ ቤቴ ስገባ እኅቴ ቡና እያፈላች ነበር። ዛሬ በማታ ትምህርቷ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ትንሽ ሱቅ ትጠብቃለች፤ የሱቁን ሒሳብ በግራ እጇ ትጽፋለች። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የወደቀችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ቡናም የምታፈላው ምድጃ ላይ ሳይሆን ዙሪያው በተከለለ የኤሌክትሪክ ማንደጃ ነው። በቀኑ ያየሁትን ነገርኋት። ከዚያም ንግግሬን ማቆም አቅቶኝ በ1996 ዓ.ም. ደጅ እንዳልነበርሁ፣ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜ እንዳየኋት ነገርኋት።

ለጥቂት ጊዜ እጇን ተመለከተች። «እኔ የማስታውሰው» አለች በመጨረሻ፣ «ስነቃ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ስታለቅስ ነው። እጄ ገና ማመም አልጀመረኝም ነበርና ምን ያስለቅሰዋል ብዬ ገርሞኝ ነበር።» ሲኒውን አቀረበችልኝ። እኔም ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት፣ «ወንድም ዓለም፣ ያ ልጅስ ማመልከቻውን አስገባ?» አለችኝ።

እኔ ይህን ከቶ አላሰብሁም ነበር። ራሱን ያዝሁለት፣ አዞርሁት፣ በሥራዬም ረካሁ፤ የመጣበትን ጉዳይ ግን ረሳሁት። በማግሥቱ ብፈልገው ማመልከቻው በተላላኪው መሳቢያ ውስጥ ተጨማድዶ፣ የጫማ ዱካ አርፎበት ተገኘ። በግርጌው ላይ ወደ ተጻፈው ስልክ ደወልሁ፤ በመጀመሪያው ቀን አላነሣም፤ በሁለተኛው ቀን አነሣ። ብዙ ካመነታ በኋላ በሦስተኛው ቀን መጣና በሩ ላይ ቆመ፤ ወደ መተላለፊያው ለመግባት ፈርቶ ነበር። እጁን ይዤ አስገባሁት። መዝገቡን ከፍቼ ስሙን ጻፍሁ፤ ቁጥርም ሰጠሁት።

ክቡራን አንባቢዎች፣ በአገራችን ብዙ ሰዎች በዚህ ሕመም ምክንያት ከትምህርት ቤት ቀርተው፣ ከሥራ ተባርረው፣ ከዋንጫ ተለይተው ይኖራሉ። ሕመሙን የሚገታው ሥራ የሐኪሞች ነው። ከምድጃው ሦስት እርምጃ ርቀን የቆምን ሁላችን ግን ወደ ፊት እንድንራመድ የሐኪም ትእዛዝ አያስፈልገንም።